ከሻለቃው ጋር የሚኖር ዓሣ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የባቡር ሠራተኞች ሕንፃ ውስጥ ሰው ከሰው ደረጃ ላይ ሲገናኝ አስቀድሞ የሚጠየቀው የዓሣ ጤና ነው። «ዓሦቻችሁ እንዴት አደሩ?» ይባላል። «ተመስገን፣ አምስቱም ደህና ናቸው» ይመለሳል። ባል ከዚያ በኋላ ነው፤ ልጅም ከዚያ በኋላ። ደረጃው አልቆ ባል ሳይጠየቅ ቢቀር የሚቀየም የለም። ዘመኑ 2079 ዓ.ም. ነው፤ ሙቀቱ ወሬውን ሁሉ አሳጥሮታል።

ግንቦት አሥር ቀን ማለዳ ከላይኛው ፎቅ የምትወርደው ሳምራዊት ይህንኑ ስትጠይቃት፣ ኤልዳና «አምስቱም ደህና» ብላ ዋሸች። አራት ነበሩ። አምስተኛው፣ አረንጓዴው፣ ዕድሜው ደርሶ ሞቶ፣ በጨርቅ ቅዳጅ ተጠቅልሎ ኪሷ ውስጥ ነበር።

ሳምራዊት ክፉ ሴት አይደለችም። ግን በሕንፃው በር ላይ በተለጠፈው የተራ ጠባቂዎች ዝርዝር አንደኛዋ እሷ ናት፤ ታቅፋው የምትዞረው የስድስት ወር ልጅ ደግሞ ገላው በሙቀት ሽፍታ አልቋል። የሰው ገንዳ እስኪከሽፍ የምትጠብቅ እናት «ዓሦቹ እንዴት አደሩ» ስትል ድምጿ ከልኩ በላይ ይጣፍጣል። ኤልዳና ይህን ታውቃለች፤ ከሦስት ዓመት በፊት እሷም እንዲሁ ነበር የምትጣፍጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕሩ ከሞቀ ወዲህ የተረፉት ዓሦችና ኮራሎች፣ ድንጋይ መሳይ የባሕር ሕያዋን፣ በባቡር እየተጫኑ በመስመሩ ዳር ላሉ ቤተሰቦች በአደራ ተሰጥተዋል። አደራ ተቀባይ ቤት የገንዳ መስመር ይገባለታል፤ የገንዳ መስመር ሌትም ቀንም መብራት አይጠፋበትም፤ ገንዳው ያለበት ክፍል ሁልጊዜ ሃያ ስድስት ዲግሪ ነው። ሌላው የከተማው ሰው በቀን ስድስት ሰዓት ማቀዝቀዣ አለው፣ ቀሪውን አሥራ ስምንት ሰዓት እንደየአቅሙ ያቃስታል። በምላሹ አደራ ተቀባዩ አምስት ዓይነት ዓሣ በሕይወትና በሰላም ያኖራል። በውሉ ውስጥ የተሰካችው መርፌ «በሰላም» የምትለዋ ቃል ናት። ዓሣ ቢሞት በሦስት ቀን ይተካል፤ የሚተካውን የሚመርጠው ባለቤቱ ራሱ ነው። የተመረጠው ከነባሮቹ ጋር ካልተስማማ ግን ጥፋቱ የመራጩ ነውና ገንዳው በዚያው ቀን ለተረኛው ይሄዳል።

ኤልዳና ስድሳ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ሳለች ክፍሏ ውስጥ ሦስት ኤልዳናዎች ነበሩ፤ የዘመኑ ስም ነበር። ዛሬ ኤልዳና ሲባል ሰው ዓይን ላይ የምትመጣው ጉልበቷን የምታሽ አሮጊት ናት። ዕድሜዋን መጋላ ውስጥ ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። ባሏ ኪሩቤል ባቡር ነጂ ነበር፣ ከጅቡቲ ዓሣ የሚያመጣው ባቡር ነጂ። አንድ ቀን አይሻ በረሃ ላይ የነጂው ክፍል ማቀዝቀዣ ጠፋ። ከኋላው ያለው የዓሣ ፉርጎ ሃያ ስድስት ዲግሪ ነበር። ከፍቶ ቢገባ ይተርፋል፤ ከከፈተው ግን ዓሦቹ ያልቃሉ። አልከፈተውም። ድሬ ሲገባ ዓሦቹ አንድ ሳይጎድሉ ወረዱ፣ እሱን በቃሬዛ አወረዱት። ቀኝ ጎኑና ምላሱ በዚያው ቀሩ። ሐኪሙም ኤልዳናን ጥግ ይዞ «ገላው ከእንግዲህ ሙቀት አይችልም፤ ክፍሉ ከሠላሳ ካለፈ አታገኚውም» አላት።

ተራቸው ደርሶ ገንዳው እስኪገባ አርባ ቀን በእርጥብ አንሶላ እየጠቀለለች አቆየችው። ገንዳው የገባ ዕለት አልጋውን ጎትታ መስታወቱ ሥር አስጠጋችው። «መንግሥት ዓሦቹን ያቀዘቅዛል፣ ዓሦቹ ኪሩቤልን ያኖራሉ» ትላለች ለሚጠይቃት ሁሉ። በውሉ ላይ የኪሩቤል ስም የለም።

ምላስ ሲጠፋ ጣት ይናገራል። የኪሩቤል ደህናው እጅ ግራው ነው፤ ግራው በኩል ደግሞ መስታወቱ አለ። ስለዚህ ሚስቱን ሲፈልግ መስታወቱን ያንኳኳል። አንድ ጊዜ ካንኳኳ ውኃ ነው። ሁለት ጊዜ ካንኳኳ «አገላብጪኝ» ነው፤ አክታው ጉሮሮው ላይ ሲቆም ሮጣ በጎኑ ካላዞረችው ይታፈናል። ሦስት ጊዜ ካንኳኳ ምንም አይፈልግም። ነይ ማለት ብቻ ነው። መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ሁለቱ ዓሣ ያያሉ። ኤልዳና ሦስቱን ስትሰማ፣ በስድሳ ዓመቷ፣ ሻሿን የምታስተካክል ሴት ናት።

የዓሣ መስጫው ባቡር ጣቢያው ውስጥ ነው። የምታስተናግደው ሐያት የምትባል ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ አፏ የማያርፍ የድሬ ልጅ ናት።

«ማዘር፣ ስንት ቀሩሽ?» አለቻት ገና ከበሩ ስትገባ።

«ማን ነገረሽ?»

«ፊትሽ ነዋ። አምስት ያለው ሰው እንዲህ አይመስልም።»

ኤልዳና ጨርቁን አውጥታ አሳየቻት። ሐያት አረንጓዴውን አገላብጣ አይታ «በዕድሜው ነው፣ አንቺ የለሽበትም» አለችና መዘገበችው። ኤልዳና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«የቀሩሽን ንገሪኝ እስቲ።»

«ብርቱካኔ አለ፣ ነጭ መቀነት የታጠቀው። ከዚያች ከምትናደፈው የባሕር አበባ ውስጥ አይወጣም፣ ከማንም አይደርስ። ጠራጊው አለ፣ ቀኑን ሙሉ አሸዋ ሲያበጥር ነው የሚውለው። ቀይዋ አለች፣ ዓይነ አፋር፣ ዋሻዋ ውስጥ ናት። ከዚያ…» ኤልዳና ተነፈሰች፤ «ሻለቃው አለ።»

ሐያት ሳቀች። ሻለቃውን ታውቀዋለች፤ ራሷ ናት የሰጠቻት። ወይን ጠጅ ገላ፣ ቢጫ ጅራት፣ ጅራቱ ሥር ደግሞ ምላጭ የመሰለ ስለት ያለው፣ ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር ሲጎበኝ የሚውል ዓሣ ነው።

«እንግዲያው አራቱን እርሺያቸው። የምትመርጪው ለሻለቃው ነው» አለቻትና ወደ ሦስት ማሰሮ መሰል መስታወቶች ወሰደቻት።

በመጀመሪያው ውስጥ ያለው ሻለቃውን ቁርጥ ነው፤ ቀለሙ ብቻ ቡናማ ነው። «ይሄ የአጎቱ ልጅ በዪው» አለች ሐያት።

«እንግዲያው ምን ትጨቀጭቂኛለሽ፣ እሱን ስጪኝ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ።»

«እሱ የመሬት ነው ማዘር። ውኃ ውስጥ መልክሽን የሚመስል ቀለብሽን የሚሻማሽ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ብትከቺ ነገ ማታ አንድ ነው የምታገኚው፣ እሱም ጅራቱ ተቦጭቆ።»

ሁለተኛው ውስጥ ቢጫ ሐር የለበሰች የምትመስል፣ ዓይኗ ላይ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች ዓሣ ነበረች። ልብስ ሰፊዋ ኤልዳና ፈዛ ቀረች። «ይህቺስ? እንዴት ያለ ልብስ ነው እባክሽ።»

«ልብሷ ልክ ነው። ግን ኮራሉን ትግጠዋለች። በሁለት ወር ባዶ ድንጋይ ታስታቅፍሻለች።»

«እንዲህ ያለች አክስት ነበረችኝ» አለች ኤልዳና፣ ወደ ሦስተኛው አለፈች።

ሦስተኛው ባዶ መሰላት። ቆይታ ነው ድንጋዩ ላይ ያለውን ያየችው፤ ጣት የሚያህል፣ ጭቃ የመሰለ፣ ከዓይኑ በላይ ቅንድብ የሚመስል ሁለት ፀጉር ያበቀለ ዓሣ። በክርኑ ተደግፎ ሰው ያያል፣ ገበያ ያልቀናው ነጋዴ ይመስል።

«የዚህ ምኑ ይታያል?»

«አለመታየቱ ነው ጥሩነቱ። ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ እየላሰ ይኖራል። ከላይ አይዋኝ፣ ሻለቃው መንገድ ላይ አይገባ፣ በመልክም አይመስለው።»

«ቁጣስ አለበት?»

«የለበትም።»

«ከዚህ በፊት የማን ቤት ነበር? ለምን ለቀቀ? ያመመው ጊዜ አለ? ሌላ ዓሣ ነክሶ ያውቃል?»

«ማዘር፣ ልጅ ልትድሪ ነው እንዴ?»

«ልጅ ስድር በሆነ። ልጅ ቢከፋት እናቷ ቤት ትመለሳለች።» ሐያት ማሾፏን ተወች።

ባለቅንድቡን በውኃ ከረጢት ጠቅልላ እያስታቀፈቻት ቀስ ብላ አስረዳቻት። ሦስት ቀን ገንዳው ውስጥ በመስታወት ሣጥን ይቀመጥ፣ ይተያዩ። በአራተኛው ቀን ከመልቀቋ በፊት ድንጋዩን ሁሉ ታፈራርሰው፣ አዲስ አድርጋ ትደርድረው። «ሻለቃው ዋሻ አለው አይደል? አፍርሺው። ነባር የሚባል ካለ እንግዳውን ያባርራል። ሁሉም ቤት ካጣ ግን ሁሉም እንግዳ ነው፣ ማን ማንን ያስወጣል?»

ኤልዳና የተባለችውን ሁሉ አደረገች። የከረጢቱን ውኃ ከገንዳው ውኃ ጋር ጠብታ በጠብታ እያላመደች ግማሽ ቀን ተንበረከከች። ሦስቱን ቀን ሣጥኑን ስትጠብቅ ዋለች። በአራተኛው ቀን ክንዷን እስከ ብብቷ ነክራ ድንጋዩን አፈረሰችው፣ ኮራሉን አንድ በአንድ አንስታ ሌላ ቦታ ተከለችው። ኪሩቤል ከአልጋው ሆኖ ያያታል። ባለቅንድቡ ተለቀቀና አንድ ድንጋይ ላይ ወጥቶ በክርኑ ተደገፈ። ሻለቃው መጥቶ አየውና አልፎ ሄደ።

«ኪሩ፣ አየኸው? አለፈው እኮ» አለች። ኪሩቤል ሦስት ጊዜ አንኳኳ።

በዚያች ቅጽበት ሻለቃው ዞረና ባለቅንድቡን በጅራቱ መታው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላም ጠፋ። ሻለቃው ሁለት ሰዓት ጨዋ ሆኖ ይቆይና በድንገት ጋኔኑ ይነሳበታል፤ ያንን ምስኪን ከድንጋይ ድንጋይ ያሳድደዋል። የባለቅንድቡ የጎን ክንፍ ተቀደደ፣ መብላት አቆመ። ኤልዳና ያልሞከረችው የለም። ሻለቃው ጠግቦ እንዲተኛ ምግብ ጨመረችለት፤ ጠግቦም ይማታል። የልብስ መለኪያ መስታወቷን ገንዳው ጎን ላይ አቆመችለት፣ ከራሱ መልክ ጋር እንዲጣላ፤ አንድ ጠዋት ከራሱ ጋር ተዋግቶ ሰለቸው። በመጨረሻ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ለመነችው።

«ሻለቃ፣ እስቲ ስማኝ። ይሄ ልጅ ምን አደረገህ? እኔ ነኝ መርጬ ያመጣሁት፣ ካጠፋሁ እኔን ምታኝ። ይሄ ሰውዬ» አለች ኪሩቤልን እያመለከተች፤ «የናንተን ፉርጎ አልከፍትም ብሎ ነው እንዲህ የቀረው። ውለታ አታውቅም አንተ?»

ሻለቃው አፉን ከፈት ዘጋ አደረገ። ኪሩቤል ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። የሚያለቅሰው በግራ ዓይኑ ብቻ ነው።

አዲስ ዓሣ የገባበትን ገንዳ የሚያየው የአደራው መርማሪ የመጣው ግንቦት አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። መንገሻ ይባላል፤ የዘመኑ ወጣት ስም ተመልሶ ጥንት ገብቷል። ከአዲስ አበባ የተላከ፣ ጫማውን በር ላይ የሚያወልቅ ትሑት ሰው ነው። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አሉ? ይፈቅዱልኛል?» ሲላት ኤልዳና ነገር እንደመጣባት አወቀች። «እርስዎ» የሚባለው ነገር ድሬ ጣቢያ ሳይወርድ ያለፈ ተሳፋሪ ነው፤ እዚህ ሕፃኑም ሽማግሌውን አንተ ይላል። ድሬ ላይ «እርስዎ» ከተባልክ ወይ ተከሰሃል ወይ ሊቀብሩህ ነው።

መሣሪያውን ገንዳው ላይ ለጠፈና ገንዳው የመዘገበውን የዘጠኝ ቀን ታሪክ ተመለከተ። ደጋግሞ አየው። ከዚያ ወደ አልጋው ዞሮ ኪሩቤልን አየና ድምጹን ዝቅ አደረገ።

«ወይዘሮ ኤልዳና፣ ምርጫዎ ትክክል ነበር።»

«እና ለምን ይማታሉ?»

«ይህን ይዩ» አላት። በመሣሪያው ላይ አንድ መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ይዘላል፤ ወዲያው ከሥሩ ያለው ቀይ መስመር ተራራ ይሆናል። እንደገና ቀጥ ይላል፣ ሦስት ጊዜ ይዘላል፣ ቀዩ ተራራ ይሆናል። «የላይኛው መስታወቱ ሲንኳኳ ነው። የታችኛው የሻለቃው ቁጣ ነው። ማንኳኳቱ ለእኛ ትንሽ ድምጽ ነው፣ ውኃ ውስጥ ላለ ግን ነጎድጓድ ነው። ቀድሞ ሲደነግጥ የሚገባበት ዋሻ ነበረው። አሁን ዋሻው ፈርሷል። የደነገጠ ሁሉ ቁጣውን ደካማው ላይ ነው የሚወጣው።»

ኤልዳና መስመሮቹን አየች። ሦስት፣ ተራራ። ሦስት፣ ተራራ። ሻሿን እያስተካከለች የሮጠችባቸው ሁሉ እዚያ ላይ ተራራ ሆነው ተሰልፈዋል።

«ሌላ ዓሣ ብቀይርስ?»

«ሌላም ቢያመጡ ያው ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ አብሮ መኖር ያልቻለው ዓሣው አይደለም።» መርማሪው ይህን ብሎ ራሱም ደነገጠ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልጋውን ወደ ሌላው ክፍል ቢያወጡት…»

«ሌላው ክፍል አርባ አንድ ዲግሪ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሕጉ ስለሱ ምን ይላል? ስለ ባሌ?»

«ዝም ይላል» አለ መንገሻ። «ሕጉ ስለሳቸው ዝም ይላል።» ጥፋቱ የምርጫዋ ስላልሆነ ገንዳውን ዛሬ እንደማያነሳው፣ ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ የጸጥታ ቆጠራ እንደሚያደርግ ነገራት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው አይኖርም፣ መስታወት አይንኳኳም፣ በር አይከፈትም። በሽተኛው ካልተንቀሳቀሰ አልጋው ላይ መቆየት ይችላል። ዓሦቹ ሦስቱን ሰዓት በሰላም ካሳለፉ ውሉ ለአንድ ዓመት ይታደሳል። በሩ ከተከፈተ ወይም ግጭት ከታየ ገንዳው ያኔውኑ ይነሳል፤ ሁለተኛ ቆጠራ የለም።

ኪሩቤል ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ሁሉንም ሰማ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አላንኳኳም። ማታውን አክታ አንቆት ፊቱ ሲጠቁር የደረሰችለት በአጋጣሚ ነው።

«ምን ነካህ? ልትሞትብኝ ነው?» ብላ ጮኸችበት፣ እያገላበጠችው፣ ጉሮሮውን እያጸዳች። ከሠርጋቸው ወዲህ እንዲህ ጮኻበት አታውቅም። ኪሩቤል በግራ እጁ ወደ ዓሦቹ አመለከተ።

ኤልዳና ወደ ስፌት ሣጥኗ ሄደች። ጂንስ የምትሰፋበትን ጠንካራ ቀይ ክር አወጣችና አንዱን ጫፍ የኪሩቤል ግራ አንጓ ላይ አሰረችው። ክሩን ወለል ለወለል አስኬዳ፣ በበሩ ሥር አሾልካ፣ ሌላውን ጫፍ የቀለበት ጣቷ ላይ ጠመጠመችው፣ ድሮ ቀለበቷ በነበረበት ቦታ ላይ። አንድ ስበት ውኃ ነው፤ ሁለት ስበት አገላብጪኝ፤ ሦስት ስበት ነይ። ክሩ ድምጽ የለውም። እሷም ስትሰጋ ቀስ አድርጋ ትስባለች፤ እሱ እጁን አጠንክሮ ይይዛል፣ ክሩ እንቢ ይላል። እንቢ ካለ «አለሁ» ማለት ነው።

ኪሩቤል በክር ነገር አዲስ አይደለም። በሽታው እንደያዘው ጣቶቹ እንዳይደርቁ ብላ በአንድ እጅና በጥርስ የልብስ ሰፊ ቋጠሮ ማሰር አስተምራዋለች። ሲታሰር ሁለቴ የሚዞር፣ ሲሳብ የሚብስ ቋጠሮ ነው። የአንሶላውን ጫፍ ሁሉ ቋጥሮ ጨርሶት ነበር አንድ ሰሞን፤ «ባቡር ነጂ ሳለህ እንዲህ ብትጎብዝ ቁልፍህን እኔ አልሰፋልህም ነበር» ትለው ነበር።

ሁለት ቀን በክር ኖሩ። ሠራ። ባለቅንድቡ ከድንጋዩ ሥር ወጣ። በሁለተኛው ቀን ሻለቃው አጠገቡ ቆሞ ከአንድ ድንጋይ አብረው ሲግጡ አየቻቸው፤ እንባዋ መጣ። ሳምራዊት ደረጃው ላይ «ዓሦቹ እንዴት ናቸው?» ስትላት ኤልዳና ከአሥር ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትዋሽ «አምስቱም ደህና» አለች። ሳምራዊት ልጇን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረችው። «እሰይ» አለች። ፊቷ ግን እንደዚያ አላለም፤ ማንስ ይፈርድባታል።

ግንቦት ሃያ ሁለት ቀን፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ኤልዳና ኪሩቤልን አገላበጠችው፣ ጉሮሮውን አጸዳች፣ ከንፈሩን በውኃ አረጠበች። ክሩን አንጓው ላይ አጥብቃ አሰረችና ጆሮው ሥር ጎንበስ አለች።

«ሁለት ከሳብክ በሩን ገንጥዬ ነው የምገባው። ቆጠራውም፣ ሻለቃውም፣ መንግሥትም ገደል ይግቡ። ሰምተሃል? ማልልኝ።»

ኪሩቤል ዓሦቹን አየ፣ እሷን አየ። ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። እሺ ማለቱ ነው።

በሩ ተዘጋ። ኤልዳናና መርማሪው ኩሽና ውስጥ በሁለት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አርባ አንድ ዲግሪ ነው። መንገሻ መሣሪያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ያያል። ኤልዳና ጣቷን ታያለች። ከበሩ ውጪ የሳምራዊት ኮቴ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይወርዳል።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ላይ ክሩ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ኤልዳና ብድግ አለች። ስበት ግን አልነበረም፤ ረገበ፣ ተወጠረ፣ ደግሞ ጸጥ አለ። እጁን እያመቻቸ ነው አለች በልቧ። ቀስ አድርጋ ሳበችው። ክሩ እንቢ አለ። አለ። ተመልሳ ተቀመጠች።

አራት ሰዓት ላይ ሳበች። እንቢ አለ።

«ሻለቃው እንዴት ነው?» አለችው መርማሪውን በሹክሹክታ።

«በጣም ደህና ነው። ከባለቅንድቡ ጋር ጎን ለጎን ናቸው።»

አምስት ሰዓት ላይ ሳበች። ክሩ ከቀድሞውም ጠንክሮ እንቢ አለ። «በርታ የኔ ጌታ» አለች፣ «በርታ፣ አንድ ሰዓት ነው የቀረህ።» እንዲህ አጥብቆ ከያዘኝ አቅም አለው ማለት ነው ብላ ተጽናናች። ሁለቱን ሰዓት ሙሉ አንዴም እንኳ አለመጥራቱ ግን ትንሽ ደነቃት። ለእኔ ብሎ ችሎት ነው አለች፣ ልቧም ሞላ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን መንገሻ መሣሪያውን ዘጋ። ወረቀቱን አውጥቶ ጻፈ፣ ፈረመ፣ በሁለት እጁ አቀረበላት። «አምስቱም ተስማምተው ይኖራሉ» ይላል። «ውሉ ለአንድ ዓመት ታድሷል።»

«እንኳን ደስ ያለዎት» አላት። ፊቱ በእውነት በርቷል። ኤልዳና እልል ልትል አፏን ከፈተችና ዓሦቹ ይደነግጣሉ ብላ እልልታውን ዋጠችው።

በሩን ከፍታ ገባች። ቅዝቃዜው ፊቷን ተቀበላት። ለልብስ ሰፊ ክር አይጣልምና እየተራመደች ክሩን ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች። «ኪሩ፣ አንድ ዓመት ሰጡን። አንድ ዓመት ሙሉ» እያለች ነው። ክሩ ከወለሉ ተነሳ፣ ወደ አልጋው ወጣ፣ ወደ ኪሩቤል አንጓ ግን አልሄደም። የአልጋው ብረት ጋ ሄደ። ብረቱ ላይ፣ ሁለቴ የዞረ፣ ሲሳብ የሚብስ፣ የልብስ ሰፊ ቋጠሮ ተቋጥሯል።

ኪሩቤል ፊቱን ወደ መስታወቱ አድርጎ ነበር። ከንፈሩ ጠቁሯል። ግራ እጁ አይታይም። አንሶላውን ገልጣ ፈለገችው። እንዳያንኳኳ በገዛ ገላው ሥር ደፍጥጦ ተኝቶበታል።

ጎትታ አወጣችው። ጣቶቹ ገና ለብ ያሉ መሰላት፤ ወይ የእሷ እጅ ነው። ሁለት ጊዜ አገላበጠችው። ጉሮሮውን አጸዳች። ደግማ አገላበጠችው። «ገደል ይግቡ ብዬህ አልነበር» አለችው፤ «ማልልኝ አላልኩህም? ለማን ነበር ቅዝቃዜው? ኪሩ፣ ለማን ነበር?» መርማሪው ከበሩ ላይ ባዶ እግሩን ቆሞ ቀረ።

ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ሃያ ስድስት ነው። ገንዳው ውስጥ ሻለቃውና ባለቅንድቡ ከአንድ ድንጋይ ይግጣሉ፤ ጠራጊው አሸዋውን ያበጥራል።

ኤልዳና አልጋው ጫፍ ላይ፣ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀመጠች። ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ እጇን አንስታ መስታወቱን ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

ዓሦቹ ደንግጠው ተበታተኑ። የመጣ የለም።